ሰማያዊ ኮንክሪት

ሰማያዊ ኮንክሪት (በስዊድንኛ ብሎቤቶንግ) እ.ኤ.አ. ከ1929 እስከ 1975 በስዊድን ይመረት የነበረ ቀላል የግንባታ ብሎኬት ነው። ስሙን ያገኘው ከሰማያዊ ግራጫ መልኩ ነው። በአገሪቱ ወደ 300,000 የሚጠጉ መኖሪያ ቤቶች ይህ ብሎኬት እንዳለባቸው ይገመታል። የግንባታ ዕቃ ራሱ ለነዋሪዎች የራዶን ምንጭ ስለሚሆንበት ሁኔታ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ ይኸው ነው።

አሠራሩ

በ1920ዎቹ ስዊድናዊው አርክቴክት አክሰል ኤሪክሶን እንደ እንጨት ቀላልና ሙቀት የሚይዝ፣ ነገር ግን የማይነድና የማይበሰብስ የግንባታ ዕቃ ሠራ። የኖራ ድንጋይና ሼል የተባለ ጥቁር ድንጋይ አብረው ይቃጠላሉ፤ ሼሉ ውስጥ የሚነድ ዘይታማ ነገር ስላለ ለማገዶ የሚወጣው ወጪ ይቀንሳል። የተቃጠለው ተፈጭቶ ከውሃና ከአሉሚኒየም ዱቄት ጋር ሲቀላቀል ጋዝ ይፈጠርና እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ከዚያም ተቆርጦ በእንፋሎት ግፊት ይጠነክራል።

ችግሩ ያለው በሼሉ ነው። ይህ ድንጋይ ከ500 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በባሕር ወለል ላይ ሲጠራቀም ዩራኒየምም አብሮ ተከማችቶበታል። ስዊድን በ1960ዎቹ በራንስታድ ዩራኒየም ያወጣችው ከዚሁ ዓይነት ድንጋይ ነበር።

ራዶን ከግድግዳ እንዴት ይወጣል

አፈርና ድንጋይ ሁሉ ጥቂት ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ጨረር አመንጪ ፖታስየም አለው። ስለዚህ ጡብም፣ ሲሚንቶም፣ ግራናይትም በተፈጥሮው ጨረር ያመነጫል፤ መጠኑ ግን በአብዛኛው አነስተኛ ነው። ዩራኒየም በብዙ ደረጃ ተለውጦ ራዲየም ይሆናል፤ ራዲየም ሲፈራርስ ደግሞ ራዶን ይወለዳል። በአንድ ኪሎግራም የተለመደ የግንባታ ዕቃ ውስጥ ያለው ራዲየም በአማካይ 50 ቤከሬል አካባቢ ሲሆን (አንድ ቤከሬል በሰከንድ አንድ የአቶም መፈራረስ ነው)፣ በሰማያዊ ኮንክሪት ብዙ ጊዜ ከ1000 በላይ ተለክቷል።

ራዶን ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ንጥረ ነገሮች ጠጣር በመሆናቸው ባሉበት ይቀራሉ፤ እሱ ግን በቁሱ ቀዳዳዎች አልፎ ወደ ክፍሉ ይወጣል። ግማሽ ዕድሜው 3.8 ቀን ስለሆነ ለመውጣት ጊዜ አያንሰውም። ጥቅጥቅ ባለ ድንጋይ ውስጥ ግን አብዛኛው እዚያው ታፍኖ ይፈራርሳል።

ጉዳቱን በዋናነት የሚያደርሰው ጋዙ ሳይሆን ከእሱ የሚወለደው ፖሎኒየም ነው። በአቧራ ላይ ተጣብቆ ሳንባ ውስጥ ይቀመጥና አልፋ ጨረር ይረጫል፤ ይህም በጊዜ ብዛት የሳንባ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። አደጋው ከሁሉ ይልቅ በአጫሾች ላይ ይበረታል።

የአየር ዝውውር

ቤንግት ሁልትክቪስት በስዊድን ቤቶች ውስጥ ራዶን ለክቶ ውጤቱን በ1956 አሳትሟል። ምርቱ ግን ከዚያ በኋላም 19 ዓመት ቀጠለ። በመካከሉ የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ መጣ፤ ሰዎች ሙቀት እንዳያመልጥ የመስኮትና የበር ክፍተቶችን ደፈኑ። ግድግዳው የሚያወጣው ራዶን አልጨመረም፤ የሚወጣበት መንገድ ግን ጠበበ። የክፍሉ አየር በሁለት ሰዓት አንድ ጊዜ መቀየሩ ቀርቶ በአሥር ሰዓት አንድ ጊዜ ቢሆን፣ በውስጡ የሚከማቸው ራዶን አምስት እጥፍ ገደማ ይሆናል።

አየሩ በደንብ በማይቀየርበት የሰማያዊ ኮንክሪት ቤት ራዶን በሜትር ኩብ እስከ 1000 ቤከሬል ሊደርስ ይችላል። በስዊድን ለመኖሪያ ቤት የተቀመጠው ወሰን 200 ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከተቻለ ከ100 እንዳይበልጥ ይመክራል። ልኬቱ ከ1000 በእጅጉ ከበለጠ ግድግዳውን ብቻ መጠርጠር ስህተት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከቤቱ ሥር ካለው አፈር የሚገባ ራዶን አለ። በዓለም ላይ በአብዛኞቹ ቤቶች ዋናው ምንጭም አፈሩ ነው።

ልኬትና መፍትሔ

ግድግዳው ሰማያዊ ኮንክሪት መሆኑ ከልስኑ በላይ በጋማ መለኪያ ይታወቃል። የራዶኑ መጠን ግን ከቀን ወደ ቀን ስለሚለዋወጥ በስዊድን ቢያንስ ለሁለት ወር፣ ቤት በሚሞቅበት ወቅት ይለካል። ቤቱን ማፍረስ አያስፈልግም፤ ዋናው መፍትሔ አየር ማስገቢያና ማስወጫውን ማሻሻል ነው። ግድግዳውን ራዶን በማያሳልፍ ነገር መሸፈንም ይሞከራል፤ በስንጥቅና በመገጣጠሚያ በኩል ስለሚያመልጥ ግን አስተማማኝነቱ ያነሰ ነው።

ዛሬ በተመሳሳይ ዘዴ የሚመረተው ቀላል ብሎኬት የሚሠራው ከአሸዋ በመሆኑ የራዲየም መጠኑ ዝቅተኛ ነው፤ መልኩም ነጭ ነው።