የወባ ትንኝ እጭ እድገት

የወባ ትንኝ እጭ ከእንቁላል ተፈልፍሎ ሙሽሬ እስኪሆን ድረስ በውሃ ውስጥ የሚኖር የትንኝ የእድገት ደረጃ ነው። በኢትዮጵያ ወባን በዋነኛነት የምታስተላልፈው ትንኝ አኖፌሌስ አራቢየንሲስ ትባላለች። ስንት እጭ አድጎ እንደሚበርና በስንት ቀን እንደሚበር በአብዛኛው የሚወስኑት ሙቀት፣ ዝናብና ምግብ ናቸው።

የእድገት ደረጃዎች

እጩ አራት ደረጃዎችን አልፎ ሙሽሬ ይሆናል፤ ከሙሽሬው ክንፍ ያላት ትንኝ ትወጣለች። የመተንፈሻ ቱቦ ስለሌለው ከውሃው ገጽ ስር ተጋድሞ ይተነፍሳል፤ በውሃው ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ነገሮችንም ይመገባል።

ሙቀት

የአራቢየንሲስ የቅርብ ዘመድ በሆነችው አኖፌሌስ ጋምቢዬ ላይ በተደረገ የቤተ ሙከራ ጥናት፣ ውሃው ከ18 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ወይም ከ34 በላይ ሲሆን ለመብረር የበቃ ትንኝ አልተገኘም። እድገቱ የፈጠነው ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ሲሆን፣ ብዙ ትንኞች የወጡት ግን ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ባለው ነው።

በአዊ ዞን ይህ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት እንጅባራ ለእጩ ትቀዘቅዛለች፤ ቆላማው ጃዊ ግን ወባማ ነው።

ዝናብ

እጩ ፀሐይ የሚያገኛቸውን ትናንሽ ኩሬዎች፣ የከብት ኮቴ ያቆረውን ውሃና ጭቃ የተቆፈረባቸውን ጉድጓዶች ይመርጣል። ኃይለኛ ዝናብ ጠርጎ ይወስደዋል፤ ውሃው ቶሎ ከደረቀም ይሞታል። ክረምቱ ሲወጣ ግን ኩሬዎቹ ሳይደርቁ ይረጋሉ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ የሚበረታው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ምግብ

በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በኩሬ ላይ የወደቀ የበቆሎ አበባ ብናኝ የተመገበ እጭ ቶሎ ያድጋል፤ የምትወጣውም ትንኝ ትልቅ ትሆናለች። ከአዊ ዞን ጋር በምትዋሰነው ቡሬ፣ በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው ቦታዎች የወባ ሕመም ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

የ1958 ወረርሽኝ

እ.ኤ.አ. በ1958 ያልተለመደ ሙቀት፣ ዝናብና እርጥበት በገጠሙበት ጊዜ፣ ከፍታቸው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር በሆኑ ደጋማ አካባቢዎች ወባ ተቀሰቀሰ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ታመሙ፤ 150,000 ያህሉ ሞቱ። ወደ 2,100 ሜትር የምትጠጋው ዳንግላም በዚህ የከፍታ ክልል ውስጥ ናት። ስለዚህ ከፍታ ብቻውን ዘላቂ መከላከያ አይደለም።

ቁጥጥር

በሞቃት ውሃ ከእንቁላል እስከ ትንኝ ያለው ጊዜ ከአንድ ሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ያቆረ ውሃን በየሳምንቱ ማፋሰስ ወይም ጉድጓዱን መድፈን የሚመከረው፣ እጩ ክንፍ ሳያወጣ ለመቅደም ነው።