ቃለ መጠይቅ የሽምደዳ ፈተና አይደለም

የምሠራው በሰው ሀብት አስተዳደር ነው። ከመራዊ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ የምትጽፉልኝ ተመራቂዎች «የቃለ መጠይቅ ጥያቄና መልስ ላኩልን» ትሉኛላችሁ። በቴሌግራም የሚዞረውን መልስ ሸምድዶ መግባት ያሳልፋል የሚለው እምነት ጎበዝ ልጆችን እየጎዳ ነው። ጠያቂዎቹ ያንኑ መልስ ከብዙ ተወዳዳሪ ስለሚሰሙት ወዲያው ያውቁታል።

ይልቅ እንዲህ ተዘጋጁ፦

1. መሥሪያ ቤቱን እወቁ። ቡሬ ለሚገኘው ፊቤላ የዘይት ፋብሪካ ካመለከታችሁ ስለ ቅባት እህልና ስለ ዘይት አመራረት አንብቡ። ሥራው መስኖ ከሆነ መራዊ አጠገብ ያለው ቆጋ ወደ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የተሠራ ግድብ መሆኑን ሳታውቁ አትግቡ።

2. «ታታሪ ነኝ» ማለት አይበቃም፤ ከሠራችሁት ሥራ ምሳሌ ስጡ። ችግሩ ምን ነበር? የእናንተ ድርሻስ? ምን አደረጋችሁ? ምን ውጤት መጣ? የሥራ ልምድ ከሌላችሁ የተግባር ልምምዳችሁ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ፣ የቤተሰብ እርሻ ላይ የሠራችሁትም ምሳሌ ይሆናል።

3. የማታውቁትን «አላውቀውም» በሉ፤ እንዴት እንደምታጣሩት ግን አስረዱ።

4. ዋናውን የትምህርት ማስረጃ፣ ኮፒውንና መታወቂያችሁን ከዋዜማው አሰናዱ። ከገጠር የምትመጡ፣ ከቻላችሁ ከተማ እደሩ።

5. ስለ ደመወዝና ስለ ሙከራ ጊዜ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም።

«ገንዘብ ክፈልና ላስቀጥርህ» ለሚል ሰው አንድ ብር አትስጡ።

የምትወዳደሩበትን የሥራ መደብ ጠቅሳችሁ ጥያቄያችሁን ከታች ጻፉልኝ፤ እመልሳለሁ።