«ዕድሌ ነው» ከማለታችን በፊት እንቁጠር

ባለፈው ዓመት ትምህርት ሲዘጋ ከካምፕ ወደ ጅቡቲ ከተማ ሄጄ ነበር። የአክስቴ ልጅ ሀራሙስ ውስጥ ቤት ሠራተኛ ናት። ሀራሙስን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የኤምባሲዎችና የትልልቅ ቪላዎች ሰፈር ነው። ከአጥሩ ጀርባ ግን የሚያጥበው፣ የሚያበስለው፣ በር የሚጠብቀው የኛ ሰው ሞልቷል።

አንድ አርብ ከሰዓት እዚያው የሚሠሩ ስድስት ሴቶች ቡና ላይ ተሰባሰቡ። አንዷ «ማዳሜ ቋጣሪ ናት» ትላለች፤ ሌላዋ «ዕድሌ ነው» ትላለች። እኔም የአስተማሪ ነገር ሆኖብኝ «ደሞዛችሁን ልጻፈው?» አልኳቸው። ደሞዝ መጠየቅ እኛ ዘንድ ነውር ነውና መጀመሪያ ዝም አሉ። ቀስ በቀስ ግን ተናገሩ። ስም ሳልጽፍ የሥራውን ዓይነት፣ ሰዓቱን፣ የቆዩበትን ጊዜ፣ ደሞዙን፣ የዕረፍት ቀኑንና የያዙትን ወረቀት መዘገብኩ።

ሥራቸው አንድ ነው፤ ሰዓታቸውም ተቀራራቢ ነው። ፓስፖርት ያላቸው ሦስቱ ከ30 ሺህ ፍራንክ በላይ ያገኛሉ። የስደተኛ ወረቀት የያዙት ሦስቱ 20 ሺህ እንኳ አይሞላላቸውም። የዕረፍት ቀን የላቸውም፤ ለቡናው የመጡት ግማሽ ሰዓት አስፈቅደው ነው። ከነሱ አንዷ ከሁሉም በላይ የቆየች ናት። ስድስት የተለያየ ዕድል የመሰለን ነገር አንድ ሆኖ ተገኘ።

በሥራ ቦታ የእኩልነት ክትትል የሚባለው ይኸው ነው። የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻውን ሲታይ መድልዎ መሆኑ አይታወቅም፤ ብዙው ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው የሚታየው። ልዩነት ተገኘ ማለት ግን ወዲያው መድልዎ ተረጋገጠ ማለት አይደለም። የሥራው ክብደት ወይም ልምዱ ቢለያይስ? ስለዚህ ተመሳሳዩን ከተመሳሳዩ ጋር ነው ማወዳደር።

ይህን በሕግ ያስገደዱ አገሮች አሉ። ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች ሲጋደሉ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ሕግ ቀጣሪዎች ከሁለቱም ወገን ስንት ሠራተኛ እንዳላቸው ቆጥረው እንዲያሳውቁ አዘዘ።

አውቃለሁ፣ «ብሔርህ ምንድን ነው?» ሲባል የብዙዎቻችን ሆድ ይረበሻል። በቀበሌ መታወቂያ ላይ የተጻፈ ብሔር ምን እንዳመጣ ያየ ሰው መፍራቱ ትክክል ነው። ለዚህ ነው በደንብ የተሠራ ክትትል ስምን ከቆጠራው የሚለየው፣ መልሱን ለሌላ ነገር የማያውለው፣ ለምን እንደሚጠይቅም አስቀድሞ የሚናገረው። ይህን የማያሟላ ሰው ቢጠይቃችሁ አለመመለስ ትችላላችሁ።

ሕጉስ ምን ይላል? የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው 111ኛው ስምምነት በዘር፣ በቀለም፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በትውልድ አገርና በማኅበራዊ መነሻ ሰውን በሥራ ማበላለጥን ይከለክላል። ኢትዮጵያም ጅቡቲም ተቀብለውታል። የስደተኛ ወረቀት በስሙ ተጠርቶ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሆኖም ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ የመሥራት መብት አለን። «ስደተኛ ስለሆንሽ የት ትሄጃለሽ» የሚለው አነጋገር ሕግ አይደለም።

ካምፕ ስመለስ ያንኑ ቆጠራ በራሳችን ላይ ሞከርኩት። የቀን ሥራ ሲገኝ ሰው የምንጠራው እኔና ጓደኞቼ ነን። ከጠራናቸው አሥር ሰዎች ዘጠኙ የኛን ቋንቋ ተናጋሪ ሆነው አገኘኋቸው። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። ማንንም ልናገል አስበን አልነበረም፤ ስልካቸው ያለንን ብቻ ነው የደወልንላቸው። መድልዎ ግን ያለ ክፋትም ይሠራል። አሁን ሥራ ሲገኝ ማስታወቂያውን ካምፑ ውስጥ በሚነገሩት ቋንቋዎች ጽፈን ውሃ መቅጃው ጋ እንለጥፋለን፤ ከተመዝጋቢዎቹም በዕጣ እንለያለን።

እናንተም ደብተር ያዙ። የጀመራችሁበትን ቀን፣ ሰዓቱን፣ የተከፈላችሁን፣ የተባላችሁትን በየቀኑ ጻፉ። አብሯችሁ ከሚሠራ ሰው ጋር አመሳክሩ። አቤቱታ ካላችሁ ለሥራ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ወይም በኦናርስና በዩኤንኤችሲአር በኩል ስታቀርቡ፣ ከሰው ጋር ሆናችሁና ጽሑፍ ይዛችሁ ሂዱ።

የአክስቴ ልጅ እስካሁን ጭማሪ አላገኘችም። ሦስቱ ግን አብረው ጠይቀው የአርብን ከሰዓት ዕረፍት አግኝተዋል። ስለ ደሞዙም ደብተሩን ይዘው ሊሄዱ ተቀጣጥረዋል።