ከባሕር ማዶ የመጣ ጥቅል
(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



በውጭ ሀገር የሚኖር ልጅ ወይም ወንድም ለቤተ ዘመዱ አስቦ ጫማ፣ መጽሐፍ ወይም የዓይን መነጽር በፖስታ ይልካል። ከብዙ ሳምንታት በኋላ በፖስታ ሣጥኑ ውስጥ አንዲት ትንሽ መጥሪያ ወረቀት ትገኛለች። ተቀባዩም ደስ ብሎት ወደ ፖስታ ቤት ይሄዳል፤ ነገር ግን ጥቅሉ ከመስኮቱ ማዶ በዓይኑ እየታየው «አስቀድመው ይህን ያህል ብር ይክፈሉ» ይባላል። ስጦታ ያለ ዋጋ የሚሰጥ ነገር መሆኑን የሚያምን ሰው በዚህ ጊዜ ቢቈጣ የሚያስደንቅ አይደለም። «ላኪው የቴምብሩን ሒሳብ ከፍሎ የለምን? ይህስ ሁለተኛው ክፍያ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልሱን ከሥሩ ጀምረን ልናስረዳ እንወዳለን።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፥ አንድ ጥቅል ከላኪ እጅ ወጥቶ ወደ ተቀባይ እጅ እስኪገባ ድረስ በሁለት ሕግ ሥር የሚያልፍ መሆኑ ነው። አንደኛው የፖስታ ሕግ ነው፤ እርሱም ለመላው ዓለም አንድ ነው። ሁለተኛው የጉምሩክ ሕግ ነው፤ እርሱ ግን እያንዳንዱ መንግሥት ለራሱ የሚያወጣው ስለ ሆነ እንደየሀገሩ ይለያያል። የሕዝብ ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው እነዚህ ሁለቱ በአንድ መስኮት ስለሚገናኙና አንድ ስለሚመስሉ ነው።

የፖስታው ሕግ አንድ ከመሆኑ በፊት የነበረውን ችግር የሀገራችን ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የፖስታ ሥራ እንዲቋቋም በ1886 ዓ.ም. ባዘዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በፓሪስ ታትመው መጡ። ዳሩ ግን ኢትዮጵያ ገና የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስላልነበረች፥ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ ያለበት ቴምብር ደብዳቤውን የሚያደርሰው እስከ ጠረፍ ብቻ ነበር። ከጅቡቲ ወዲያ ለሚሄደው ደብዳቤ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር በተጨማሪ መለጠፍ ነበረበት። ስለዚህ የዚያን ዘመን ሰው ለአንድ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ይከፍል ነበር። ይህ ድርብ ክፍያ የቀረው ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. ወደ ኅብረቱ ከገባች በኋላ ነው።

ኅብረቱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 1874 በስዊስ ከተማ በበርን ሲሆን፥ 22 መንግሥታት ውሉን ፈርመዋል። ነገሩን በብርቱ ያሳሰቡት የጀርመን ፖስታ ኃላፊ የነበሩት ሃይንሪኽ ፎን ስቴፋን ናቸው። የውሉ መሠረተ ሐሳብ፥ አባል የሆኑት ሀገሮች ለደብዳቤ ልውውጥ እንደ አንድ የፖስታ ግዛት እንዲቈጠሩ፤ በመካከል ያለውም ሀገር የጎረቤቱን ደብዳቤ ሳያግድ እንዲያሳልፍ ነበር። ገንዘቡንም የሰበሰበው ሀገር ለራሱ ያስቀረዋል። ደብዳቤ መልስ አያጣምና ሒሳቡ በመጨረሻ ይተካከላል ተብሎ ታስቦ ነበር። ይህ ግምት ለደብዳቤ እንጂ ለዕቃ የሚሠራ አልሆነም፤ ብዙ የሚቀበል ሀገር የማደያውን ድካም በነጻ ተሸካሚ ሆነ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1969 በቶኪዮ በተደረገው ጉባኤ፥ ላኪው ፖስታ ቤት ለተቀባዩ ፖስታ ቤት የማደያ ሒሳብ እንዲከፍል ተወሰነ። በዚሁ ሒሳብ ምክንያት አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ከኅብረቱ ለመውጣት ማስታወቂያ ሰጥታ ነበር፤ ጉዳዩ በሚቀጥለው ዓመት ጄኔቭ ላይ በስምምነት አለቀ።

እንግዲህ ላኪው የከፈለው ይኸው የማጓጓዣና የማደያ ዋጋ ብቻ ነው። ቴምብር ድንበሩን ያስከፍታል፤ ቀረጡን ግን አይከፍልም።

የቀረጡ አቈጣጠር ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ስላለው በምሳሌ እናሳየው። የዕቃው ዋጋ 2,000 ብር፥ የተላከበትም የፖስታ ሒሳብ 1,500 ብር ነው እንበል። በሀገራችን የጉምሩክ ሕግ የዕቃው ዋጋ የሚባለው የግዢው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የማጓጓዣውና የመድን ወጪው ተጨምሮበት ነው። ስለዚህ ሒሳቡ የሚጀምረው ከ2,000 ሳይሆን ከ3,500 ብር ነው። ለዚያ ዓይነት ዕቃ የተመደበው ቀረጥ በመቶ 20 ቢሆን 700 ብር ይሆናል። ቀጥሎ በመቶ 15 የሆነው የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚታሰበው ቀረጡ ጭምር ታክሎበት በ4,200 ብር ላይ ነው፤ እርሱም 630 ብር ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 1,330 ብር ይሆናሉ። እንደ ዕቃው ዓይነት ሌላም ግብር ሊታከልበት ይችላል። በዚህ መሠረት ተቀባዩ በዕቃው ላይ ብቻ ሳይሆን በቴምብሩም ላይ፥ እንዲያውም በቀረጡም ላይ ግብር ከፈለ ማለት ነው። ይህ አሠራር በብዙ መንግሥታት ዘንድ የተለመደ ነው። ቢሆንም ማጓጓዣው ከዕቃው ዋጋ ጋር በሚቀራረብበት ትንሽ ስጦታ ላይ ሲወድቅ እንደሚከብድ አለመናገር አንችልም። ለነጋዴ በብዙ ጭነት ላይ የሚበተነው ወጪ ለአንዲት እናት በአንድ ጥንድ ጫማ ላይ ይከመራል።

የስጦታ ነገር በየሀገሩ የተለየ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሀገሮች ግለሰብ ለግለሰብ የሚልከው ስጦታ ከ45 ዩሮ ካልበለጠ ነጻ ነው። ለተገዛ ዕቃ ግን እስከ 22 ዩሮ ድረስ ይሰጥ የነበረው የታክስ ምሕረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ቀርቷል። ከዚህም የበረታው በአሜሪካ የሆነው ነው። እስከ 800 ዶላር የሚገመት ጥቅል ያለ ቀረጥ እንዲገባ የሚፈቅደው ደንብ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 2025 ለሁሉም ሀገሮች ታገደ። ቀረጡን አስቀድሞ ማን ሰብስቦ ለማን እንደሚያስረክብ መሣሪያው ስላልተዘጋጀ፥ 88 የሚሆኑ የፖስታ ድርጅቶች ወደዚያ የሚልኩትን በሙሉ ወይም በከፊል እንዳቆሙ ኅብረቱ ገለጸ፤ የመላኪያውም መጠን በአንድ ሳምንት ውስጥ ከመቶ 80 በላይ ወደቀ። ለልጃቸው የበዓል ልብስ አስፍተው ፖስታ ቤት የደረሱ ወላጆች ቢኖሩ፥ በደላቸው ያልነበረበት ክርክር መንገዱን ዘጋባቸው ማለት ነው።

ከክፍያው ሌላ ክልከላም አለ። የሚቀጣጠል ነገር፣ ስለዚህም ሽቶ፣ በአውሮፕላን ፖስታ አይሄድም፤ ለብቻው የታሸገ የሊቲየም ባትሪም እንዲሁ። የነጠረ ቅቤና ቋንጣ ለናፈቀ ልጅ መላክ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፥ የአውሮፓ ኅብረት ሀገሮች የከብት በሽታን ስለሚፈሩ ከውጭ በግለሰብ ስም የሚመጣውን ሥጋና የወተት ውጤት ይወርሳሉ። (እንግዳ ነገር ለሚወድ አንባቢ፥ ይኸው የፖስታ ውል በሕይወት ያለ እንስሳን ከልክሎ ሲያበቃ ንብን፣ አልቅትንና የሐር ትልን በደብዳቤ መንገድ ይፈቅዳል።)

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ፤ ብዙው ጉዳት የሚደርሰው እዚያ ላይ ነውና። በትንሽ ጥቅል ላይ የሚለጠፈው አረንጓዴው ቅጽ ሲኤን 22 ይባላል፤ ዋጋው ከፍ ላለው ሲኤን 23 የሚባለው ሰፊ ቅጽ ይሞላል። ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ በቅጹ ላይ የተጻፈው ቃል ከጥቅሉ ቀድሞ በኤሌክትሮኒክ መልእክት ወደ ተቀባዩ ሀገር እንዲደርስ ግዴታ ሆኗል። ስለዚህ «ስጦታ» ወይም «ልብስ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ «2 ያገለገለ የጥጥ ሸሚዝ» ተብሎ ብዛቱ፣ ክብደቱና ዋጋው በየራሱ ይጻፍ። ዋጋው ካልተጻፈ ወይም ከታየው ጋር ካልተስማማ ግምቱን የሚሰጠው የጉምሩክ ሹም ነው። የግዢው ደረሰኝ ካለ በውስጡ ይጨመር። ደብዳቤ በየቤቱ በማይታደልበት ሀገራችን የፖስታ ሣጥኑ ቁጥርና የተቀባዩ ስልክ ካልተጻፉ መጥሪያውም ባለቤቱን አያገኝም። በመጨረሻም ለከባድ ጥቅል በሚሞላው ወረቀት ላይ ዕቃው ካልተወሰደ ምን ይደረግ የሚል ጥያቄ አለ፤ ላኪው «ይመለስ» ወይም «ይተው» ከሚሉት አንዱን ይመርጣል። «ይመለስ» ያለ ሰው የመመለሻውን ሒሳብ ራሱ እንደሚከፍል ከወዲሁ ይወቅ።