ለብዙ ቀን የቢስክሌት ጕዞ ስለ መዘጋጀት

በቢስክሌት አንድ ቀን ሩቅ መሄድ ሌላ፤ ቀን በቀን እየተነሡ ሩቅ መሄድ ደግሞ ሌላ መኾኑን እኛ ራሳችን ተሳስተን እስክንማረው ድረስ ልብ አላልነውም ነበር። ከተከበሩት አንባቢዎቻችን መካከል እንዲህ ያለ ጕዞ ለራሱ ወይም ለልጁ ያሰበ ቢኖር፤ ከስሕተታችን እንዲጠቀም ይህን ጻፍን።

ዕድሜያችን ከ40 ዓመት አልፏል፤ ሥራችንም ከወንበር ሳይነሡ መጻፍ ነው። ሐኪም የደማችንን ግፊት ለክቶ «መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም፤ ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ» ባለን ጊዜ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ በቢስክሌት ሄደን ታላቅ እኅታችንን ለመጠየቅ ቈረጥን። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመዠመሪያውን ሌሊት በሞጆ፤ ኹለተኛውን በባቱ አድረን በሦስተኛው ቀን ለመድረስ አሰብን። ሲሄዱ አገሩ ቍልቍል ስለ ኾነ ቀላል ይመስላል፤ ሲመለሱ ግን ከሞጆ እስከ አዲስ አበባ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት አለ።

ልምምድ በዠመርን በሦስተኛው ሳምንት ራሳችንን ለመፈተን ወደ ቢሾፍቱ ተነሣን፤ ደርሶ መልሱ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ይኾናል። ከአንድ ብርጭቆ ሻይ በቀር ምንም አልቀመስንም፤ ስንቅ መያዝ የደካማ ሥራ መስሎን ነበርና። በመመለሻችን ዱከምን ጥቂት እንዳለፍን እግራችን አልታዘዝ አለን፤ እጃችን ተንቀጠቀጠ፤ ዐይናችንም ፈዘዘ። ከመንገድ ዳር ተቀምጠን ሳለን ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት አይተውን ስኳር የበዛበት ሻይና ዳቦ ሰጡን። «ልጄ፤ ባዶ ሆድ ምን ሊነዳ ነው?» አሉን። ከቤታችን የደረስነው ከመሸ በኋላ ነው። ባለቤታችን ከደጅ ቆመው አገኘናቸው። አልተቈጡም፤ ነገር ግን «ዛሬስ ደረሱ፤ ነገም መንገድ ቢኖርብዎ ኖሮ ምን ሊኾኑ ነበር?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም።

ከዚያ ወዲያ ዝግጅታችንን እንደ ገና ከመዠመሪያው አነሣነው። በሥራ ቀን ኹለት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት በዝግታ እንነዳለን፤ ዋናው ልምምድ ግን ቅዳሜና እሑድ ተከታትለው የሚደረጉት መንገዶች ናቸው። ቅዳሜ 30፤ እሑድ 20 ኪሎ ሜትር ብለን ዠመርን፤ በየሳምንቱም ከዐሥር አንድ እጅ ያህል ብቻ እየጨመርን፤ በየዐራተኛው ሳምንት እየቀነስን፤ በዐራት ወር ቅዳሜ 80 እሑድ 70 ደረስን። እሑድ ጧት ጕልበት እንደ እንጨት ይደርቃል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል በቀላል ማርሽ ሲነዱ ግን ይላላል። ይህን ማወቅ ብቻ ትልቅ ነገር ነው፤ የማያውቅ ሰው በኹለተኛው ቀን ጧት ታመምኹ ብሎ ይመለሳልና። የ17 ዓመት ልጃችን ቅዳሜ ቀድሞን ሲሄድ ከዐይናችን ይሰወር ነበር፤ እሑድ ግን ከአልጋው የሚያነሣው አልተገኘም። አኹን ከእኛ ጋራ እያወጋ ይነዳል፤ እየነዱ ሳይቋረጥ መናገር ከተቻለ ፍጥነቱ ልክ ነውና።

ነገሩ በዓለምም ቢኾን በአንድ ጊዜ የታወቀ አይደለም። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1891 ዓ.ም. ከፓሪስ ብሬስት ደርሶ መልስ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል በተደረገው ውድድር፤ ሻርል ቴሮን ከ71 ሰዓት በላይ ሳይተኛ ነድቶ አሸነፈ። በ1903 የተዠመረው የፈረንሳይ ዙር ግን መንገዱን በ6 ከፍሎ በመካከሉ የዕረፍት ቀን ሰጠ። የአገራችን ሰው ጽጋቡ ግርማይ ከኢትዮጵያውያን የመዠመሪያው ኾኖ በ2016 ወደዚሁ ዙር በገባ ጊዜ፤ ውድድሩ 3 ሳምንት የሚፈጅ ነበር፤ በዚያም ማታ መብላትና መተኛት እንደ መንዳቱ ያለ ሥራ ነው።

ምክንያቱም ይህ ነው። በጡንቻና በጕበት የተከማቸው ስኳር በርትተው ሲነዱ ኹለት ሰዓት ያህል ቢቈይ ነው፤ ካለቀ በኋላ ተመልሶ እስኪሞላ አንድ ቀን ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ሳይራብ መብላት፤ ሳይጠማ መጠጣት ያስፈልጋል። በየሰዓቱ ኹለት ሙዝ ወይም ያን የሚያህል ምግብ ይበቃል። አባቶቻችን ለዘመቻ ይይዙት የነበረው በሶ ለዚህ ከኹሉ የሚስማማ ኾኖ አገኘነው፤ በውኃና በስኳር በጥብጠው ሲጠጡት አይከብድም፤ በጾምም ወራት አይከለከልም። ከመንገድ እንደ ገቡም ልብስ ሳይለውጡ እንኳ ቢኾን መብላት ይገባል።

ጕልበታችን ደግሞ ለአንድ ወር ያህል ሲያመን ቈይቶ ነበር፤ ጥፋቱ የኮርቻው ዝቅ ማለት ነው። ተረከዝን በፔዳሉ ላይ አድርገው ወደ ታች ሲገፉ እግር ቀጥ ካለ፤ በፊተኛው የእግር መዳፍ ሲነዱ ጥቂት ይታጠፋል፤ ልኩም ይህ ነው።

አኹን ጕዞው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ስለዚህ መንዳቱን በግማሽ ቀንሰን እንቅልፍ እናበዛለን። ትናንት ማታ ጓዛችንን በሚዛን ብናስቀምጠው 12 ኪሎ ኾነ። ባለቤታችን ከውስጡ ለእኅታችን ክብር ብለን የያዝነውን ኮትና ጥቍር ጫማ አውጥተው፤ በቦታው ኹለት ኪሎ በሶ ከተቱ። «እኅትዎ የሚናፍቁት ኮትዎን አይደለም» አሉን።