በቀን አንድ ሚሊሜትር፦ ከውበት ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚደነዝዝ ቆዳ

የአክስቴ ልጅ ኑሮዋ በአሜሪካ ነው። ሦስት ልጆች ከወለደች በኋላ የላላውን የሆዷን ቆዳ በውበት ቀዶ ሕክምና አስወገደች። ቁስሉ በሚገባ ጠገገ፤ እርሷም በውጤቱ ደስተኛ ነበረች። ከሰባት ወራት በኋላ ግን አንድ ምሽት ደወለችልኝ፤ በእርሷ አገር ገና መንጋቱ ነበር። የወር አበባ ሕመሟን ለማስታገስ ሙቅ ውኃ የያዘ የጎማ ከረጢት ሆዷ ላይ አድርጋ ተኝታ ኖሯል። ስትነቃ ከእምብርቷ በታች ያለው ቆዳ ቀልቶና ውኃ ቋጥሮ አገኘችው። ሕመም የሚባል ነገር አልተሰማትም።

በመጀመሪያ ቃጠሎውን ለሐኪም እንድታሳይ ነገርኳት። «እትዬ፣ እኔ የፊዚክስ ሰው ነኝ፤ ስለ ቆዳ ምን አውቃለሁ?» ብላትም አልተቀበለችኝም። «ሐኪሙማ ጊዜ ይወስዳል ብሎኛል። ስንት ጊዜ? አንተ ልኬት ታስተምር የለም እንዴ!» አለችኝ። ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያ ጥያቄ ነው፤ ታሪኩንም የማነሣው በእርሷ ፈቃድ ነው።

የሆድን ቆዳ ስሜት የሚያደርሱት ነርቮች ከጀርባ ተነሥተው በጎድን አጥንቶች መካከል ይዞሩና የሆድን ጡንቻ እየበሱ ወደ ቆዳ ይወጣሉ። ሐኪሙ ቆዳውን ከጡንቻው ለይቶ ወደ ታች ሲስበው ከእነዚህ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ብዙዎቹ መቆረጣቸው አይቀርም። ፊትን ለመወጠር በሚደረግ ቀዶ ሕክምናም የጆሮን ጫፍ የሚያገለግለው ነርቭ ሲጎዳ ጆሮ ይደነዝዛል። በመሆኑም ድንዛዜ የግድ የሐኪምን ስሕተት አያመለክትም። የአክስቴ ልጅ ከፈረመቻቸው ብዙ ገጾች በአንዱ ላይ ጉዳዩ በአንድ መስመር ተጠቅሶ ነበር። በእኔ አስተያየት ይህን የመሰለ ነገር በአንድ መስመር የሚታለፍ አልነበረም።

የተለጠጠ ወይም የተጨፈለቀ ነርቭ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ሊያገግም ይችላል። የተቆረጠ ግን ሌላ ታሪክ አለው። እንግሊዛዊው አውግስጦስ ዎለር እ.ኤ.አ. በ1850 በእንቁራሪት ምላስ ላይ እንዳሳየው፣ ከተቆረጠበት ቦታ ወዲያ ያለው የነርቭ ክር ይፈራርሳል፤ ባዶ ቱቦ ብቻ ይቀራል። ከሕብለ ሰረሰር አጠገብ ከሚገኘው ሕዋስ ጋር የተያያዘው ጉቶ አዲስ ጫፍ አብቅሎ ያንን ቱቦ ፈልጎ መከተል አለበት። ፍጥነቱም በአማካይ በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው።

ይህን ቁጥር ወደ ምናውቀው መለኪያ እንለውጠው። በሴኮንድ 12 ናኖሜትር ገደማ ይሆናል። በጤናማ የመዳሰስ ነርቭ ውስጥ የሚጓዘው ምልክት ደግሞ በሴኮንድ 50 ሜትር ያህል ይፈጥናል። ስለዚህ መልእክቱ ከመንገዱ ሥራ ከአራት ቢሊዮን ጊዜ በላይ ይፈጥናል ማለት ነው! ምክንያቱም መልእክቱ ኤሌክትሪካዊ ሲሆን፣ የመንገዱ መሥሪያ ዕቃ ግን በሩቁ ሕዋስ ውስጥ ተመርቶ በክሩ ውስጥ በዝግታ የሚጓጓዝ በመሆኑ ነው።

ከጎን ተነሥቶ 15 ሴንቲሜትር መጓዝ ያለበት ጫፍ እንግዲህ 150 ቀናት ያስፈልጉታል። ይህ ግን መንገዱ ክፍት ከሆነ ነው። በመካከሉ ጠባሳ ካለ ጫፉ ይዘገያል፤ ይስታል፤ አንዳንዴም ተጠቅልሎ የሚያም እብጠት ይሆናል። ከጎረቤት ያሉ ያልተጎዱ ነርቮችም ቅርንጫፍ እየዘረጉ ባዶውን ቦታ ከዳር ዳር ያጠቡታል። ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ የቀረው ድንዛዜ አብዛኛውን ጊዜ ይጸናል።

ስሜት ሲመለስም በአንድ ጊዜ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ሄድ እ.ኤ.አ. በ1903 ይህን ለማወቅ የገዛ ግራ ክንዱን የቆዳ ነርቭ አስቆረጠ፤ ባልደረባው ሪቨርስም በካምብሪጅ ለዓመታት ክንዱን በመርፌ፣ በጥጥና በሙቀት ፈተነው። (ተማሪዎቼ የቤተ ሙከራ ሥራ በዛብን ሲሉ ይህን ሰው አስታውሳቸዋለሁ።) የመርፌ ውጋት ቀድሞ ተመለሰ፤ ነገር ግን የተወጋበትን ቦታ በትክክል ማመልከት ይሳነው ነበር። ቀላል የጥጥ ንክኪ የተመለሰው እጅግ ዘግይቶ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ያቀረበው ንድፈ ሐሳብ በኋላ ብዙ ትችት ቢገጥመውም የሙከራው መዝገብ ዛሬም ይነበባል።

የእትዬን ጥያቄ ለመመለስ የሚረዳው መሣሪያ አንድ የናይለን ክር ነው። ቀጭን ዘንግ ከጫፉ ሲገፋ እስከ አንድ ወሰን ቀጥ ብሎ ይቆይና በድንገት ይለመጣል። ወሰኑን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሰላው የሒሳብ ሊቁ ሊዮንሃርድ ኦይለር ነው። የክሩ ውፍረት እጥፍ ቢሆን ኃይሉ 16 እጥፍ ያድጋል፤ ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። ክሩ አንዴ ከተለመጠ በኋላ እጅ ጠንክሮ ቢገፋም ቆዳው ላይ የሚያርፈው ኃይል ብዙም አይለወጥም። ፊዚዮሎጂስቱ ማክስ ፎን ፍሬይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለዚህ ተግባር የፈረስ ጸጉር ተጠቅሟል። ዛሬ በስኳር በሽታና በሥጋ ደዌ ሕክምና እጅና እግር የሚፈተነው በናይለኑ ነው፤ በእነዚህ ሕመሞች የደነዘዘ እጅ ምድጃ ላይ ሲቃጠል ባለቤቱ አያውቅምና።

የእትዬ ሆድ የተቃጠለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሞሪትዝና ሄንሪከስ እ.ኤ.አ. በ1947 እንዳሳዩት 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ቆዳን በሴኮንዶች ያቃጥላል፤ 44 ዲግሪም ቢሆን ለስድስት ሰዓት ያህል ከቆየ ያቃጥላል። ጤናማ ቆዳ ወደዚህ ሙቀት ሲቃረብ ያማልና እንቅልፍ ላይ ሆነን እንኳ እንገላበጣለን። የደነዘዘው አያስጠነቅቅም።

አሁን በየወሩ ልጇ በአንድ ዓይነት ክር ትነካታለች፤ እርሷ ዓይኗን ጨፍና «አሁን» ትላለች፤ ድንበሩም በእስክሪብቶ ይሰመራል። በአራት ወር ውስጥ ድንበሩ ከሁለቱም ጎን ሦስት ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ጠቧል። መካከሉ ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ግን አልተነቃነቀም። የጎማውን ከረጢት ለጎረቤት ሰጥታዋለች።