ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ፦ የመኪናው ሁለተኛ ጉዞ

ከባህር ማዶ መኪና ገዝቶ የሚጠባበቅ ሰው ደስታው የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ መርከቧ ጅቡቲ መድረሷን በሰማ ዕለት ነው። በርቀት ሲታሰብ በእርግጥም አብዛኛው መንገድ አልቋል። መኪናው ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍበትና ባለቤቱ ጥንቃቄ ሊያደርግ የሚገባው ጉዞ ግን ከዚያ በኋላ የሚጀምር ነው።

ከጅቡቲ ወደብ በጋላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ በኩል አድርጎ አዲስ አበባ የሚደርሰው የመኪና መንገድ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከባህር ወለል ተነስቶም ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያበቃል። በዚህ መካከል ተሽከርካሪው ከመርከብ ወደ ወደብ ሠራተኞች፣ ከወደብ ወደ አጓጓዥ፣ ከአጓጓዡ ወደ ደረቅ ወደብ፣ በመጨረሻም የጉምሩክ ሥርዓቱ ሲጠናቀቅ ወደ ባለቤቱ ይተላለፋል። በጉዞው ስፖኪዮ ቢሰበር፣ የፊት መስታወት ቢሰነጠቅ ወይም ክሪክና ስኮርታ ጎማ ቢጠፋ ጉዳቱ የደረሰው በማን እጅ ሳለ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። መኪናውን በባንክ ብድር ወይም በዓመታት ቁጠባ ለገዛ ሰው የዚህ ጥያቄ መልስ ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም የሚወስን ነው።

እስከ 1990 ዓ.ም ድረስ የአገሪቱ ጭነት በብዛት ይስተናገድ የነበረው በአሰብ ወደብ ሲሆን ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ ግን መስመሩ ወደ ጅቡቲ ዞሯል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የኢትዮጵያ የባህር ላይ ንግድ በዚሁ ወደብ ሲተላለፍ ቆይቷል። መኪኖችም ከዚሁ ጋር መጡ። በእነዚያ ዓመታት በስፋት የተለመደው አሠራር ተሽከርካሪው በራሱ ጎማ እየተነዳ እንዲገባ ማድረግ ነበር። በጉዞ ልክ የሚከፈላቸው አሽከርካሪዎች ጅቡቲ ወርደው መኪኖቹን ይረከባሉ፣ ተከታትለው በዲኪል በኩል ወደ ጋላፊ ይወጣሉ፣ የአፋርን ሜዳ አቋርጠውም ወደ መሐል አገር ይገባሉ።

አሠራሩ ለአስመጪው ርካሽ ቢሆንም ለመኪናው የዋህ አልነበረም። በበጋ ወራት ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚያልፍ ሙቀት ውስጥ፣ ከባድ መኪኖች ጠጠር እየረጩ በሚያልፉበት መንገድ፣ ግመልና ከብት በድንገት በሚያቋርጡበት ሜዳ ላይ አዲስ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ጉዞ ይፈተንበት ነበር። ለትልልቆቹ የናፍጣ መኪኖች ነገሩ ብዙም አይከብድም። ትንሿ የቤት መኪና ግን አዲስ አበባ ስትደርስ መስታወቷ የተፈነከተ፣ ኮፈኗ በጠጠር የተነቆረ ሆና መገኘቷ እንግዳ ነገር አልነበረም። ባለቤቱ አዲስ ነው ብሎ የተረከበው መኪና የኪሎ ሜትር ቆጣሪ 900 እና ከዚያ በላይ ሲያሳየው ያስደነግጠው የነበረውም ለዚሁ ነው።

በዚህ መስመር ላይ ስለ ጎማ ነፋስ ብዙ ክርክር ይሰማል። አንዳንዱ ወደ ደጋ ሲወጣ ጎማው ያብጣል ይላል፤ ሌላው ብርድ ስለሚያገኘው ይሟሽሻል ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። በአዲስ አበባ ከፍታ የውጭው አየር ግፊት በባህር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ በመሆኑ በመለኪያው ላይ የጎማው ግፊት ከፍ ይላል። ከ40 ወደ 20 ዲግሪ ዝቅ የሚለው ሙቀት ደግሞ መልሶ ይቀንሰዋል። ጅቡቲ ላይ 32 ፒ.ኤስ.አይ የተሞላ ጎማ አዲስ አበባ ሲደርስ ልዩነቱ ከአንድ ፒ.ኤስ.አይ ያነሰ እንደሚሆን በስሌት ማሳየት ይቻላል። ከዚያ በላይ ጎድሎ የተገኘ ጎማ እንግዲህ ወደ ጎሚስታ መሄድ ይኖርበታል።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ በወደቡ የሚራገፉት የቤት መኪኖች ዓይነት ተለውጧል። የኤሌክትሪክ መኪና በአንድ ሙሌት የሚሄደው ርቀት ውሱን ሲሆን የኃይል መሙያ ጣቢያም እንደ ነዳጅ ማደያ በየከተማው አይገኝም። በመሆኑም ከጅቡቲ እየነዱ ማምጣት የሚታሰብ አይደለም። መኪናው መጫን አለበት።

የሚጫነውም በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው ብዙ መኪና በአንድ ጊዜ በሚሸከም ባለ ሁለት ደርብ መኪና ጫኝ ተሳቢ ሲሆን ሁለተኛው በኮንቴይነር ውስጥ ታሽጎ፣ ሦስተኛው በባቡር ነው። በግንቦት 2009 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የዶራሌ ሁለገብ ወደብ ተሽከርካሪዎች እየተነዱ የሚወርዱባቸውን መርከቦች የሚያስተናግድ ሲሆን ከባቡር መስመሩም ጋር የተገናኘ ነው። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረ ሲሆን በድሬዳዋ፣ በአዋሽና በሞጆ በኩል አልፎ እንዶዴ የጭነት ጣቢያ ይደርሳል። በባቡር የሚመጣ መኪና የጠጠርና የግጭት ስጋቱ በእጅጉ ይቀንስለታል፤ ይሁንና ፉርጎ ላይ ሲወጣና ሲወርድ የሚደርሰው መፋተግ እንዳለ ነው። የጭነት ጉዳት በአብዛኛው የሚከሰተው በጉዞ ላይ ሳይሆን በመጫንና በማራገፍ ወቅት መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

የኤሌክትሪክ መኪና በዚህ ረገድ ሦስት ጠባይ አለው። የመጀመሪያው ከትልቁ ባትሪ ሌላ የበርና የማርሽ መቆጣጠሪያዎችን የምታንቀሳቅስ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ ያለው መሆኑ ነው። መኪናው ወደብ ላይ ሳምንታት ከቆመ ይህቺ ባትሪ ልትሞት ትችላለች። ያኔ ትልቁ ባትሪ የተሞላ ቢሆንም እንኳ መኪናው አይነሳም፤ ብዙዎቹም ማርሻቸውን ወደ ነፃ ለመቀየር ፈቃደኛ አይሆኑም። ሁለተኛው ጠባይ ከዚህ ይቀጥላል። የማይነሳ መኪና በገመድ ወይም በካቦ ተጎትቶ ይጫናል፤ የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ እየተሽከረከሩ መጎተት ግን ለኤሌክትሪክ ሞተሩ አደገኛ ነው። ትንሿን ባትሪ ከሌላ ባትሪ አስነስቶ በራሱ ኃይል ማስወጣት የአሥር ደቂቃ ሥራ ሆኖ ሳለ በችኮላ የሚደረገው መጎተት ውድ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው በዓይን አይታይም። ትልቁ ባትሪ የሚገኘው ከመኪናው ወለል ሥር ሲሆን ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ ውዱ እርሱ ነው። መኪናው ጫኙ ላይ ሲወጣ መወጣጫው ቀጥ ያለ ከሆነ፣ ወይም በፎርክሊፍት ያለ ቦታው ከተነሳ፣ የባትሪው ሽፋን ሊጨረገድ ወይም ሊጎብጥ ይችላል። ቀለሙና መስታወቱ አንጸባራቂ የሆነን መኪና ተረክቦ ከወራት በኋላ ጉዳቱን የሚያገኝ ባለቤት ማን እንዳደረሰው ማስረዳት አይቻለውም። ስለሆነም ርክክብ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ቢቻልም በእጅ ባትሪ እያበሩ ሥሩን ማየትና ፎቶግራፍ ማንሳት ዓይን ያፈሰሰ የሚመስል ግን የሚያዋጣ ሥራ ነው።

በሕጉ በኩል ጉዳዩን የሚገዙ ሁለት አዋጆች አሉ። በ1999 ዓ.ም የወጡት ስለ የብስ የዕቃ ማጓጓዝ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 547 እና ስለ መልቲ ሞዳል ትራንስፖርት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 548 ናቸው። በመልቲ ሞዳል ሥርዓት አንድ ድርጅት በአንድ ሰነድ ጭነቱን ከመነሻው ወደብ ተረክቦ አገር ውስጥ እስከሚያስረክብበት ቦታ ድረስ ኃላፊነቱን ይወስዳል። ባለቤቱ ጉዳት ቢያገኝ የሚጠይቀው ያንኑ ድርጅት ነው፤ ባህር ላይ ይሁን ሚሌ ላይ የማጣራቱ ሥራ የእርሱ አይሆንም። በዩኒ ሞዳል ሥርዓት ግን የባህሩ ውል ጅቡቲ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ በትራንዚተሩ በኩል ሌላ አጓጓዥ ይዋዋላል። ሰንሰለቱ እዚህ ላይ የሚቆረጥ በመሆኑ መኪናው በወደቡ በር ሲወጣ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበር የሚያሳይ ሰነድ ከሌለ መርከቡ አጓጓዡን፣ አጓጓዡም መርከቡን ሲያመለክት ይኖራል።

ለዚህም ነው በማጓጓዝ ሥራ የርክክብ ሰነድ ትልቅ ቦታ የሚሰጠው። አጓጓዡ ጭነቱን ሲቀበል በግልጽ የሚታይ ጉድለት ካለ በሰነዱ ላይ ካላሰፈረ በደህና ሁኔታ እንደተረከበ ይገመታል። ተረካቢውም እንዲሁ ያለ አስተያየት ከፈረመ ደህና መኪና እንደተቀበለ ይቆጠራል። ሰነዱ የሻንሲና የሞተር ቁጥርን፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ንባብ፣ የቁልፎቹን ብዛት፣ ስኮርታ ጎማን፣ ክሪክንና የኃይል መሙያ ገመድን በስማቸው መዘርዘር ይኖርበታል። ገመዱ በተለይ ተነጥሎ የሚጠፋ ዕቃ ነው። የሻንሲ ቁጥሩ ከመርከብ የጭነት ሰነዱ ጋር በአንዲት ፊደል ቢለያይ ደግሞ የጉምሩክ ሥርዓቱ ይቆማል፤ መኪናው በቆመበት የመጋዘን ኪራይ ይቆጠራል።

መድን ገዝቻለሁና አያሳስበኝም የሚል ካለ ውሉን ገልጦ ሁለት ቦታ ቢያነብ ይበጀዋል። አንደኛው የሽፋኑ ዓይነት ነው። በጭነት መድን ገበያ ኤ፣ ቢ እና ሲ ተብለው ከሚታወቁት ሦስት ሽፋኖች ሰፊው ኤ ሲሆን ጠባቡ ሲ ነው። የጫነው ተሽከርካሪ ቢገለበጥ ወይም ባቡሩ ሐዲዱን ቢስት ሦስቱም ይሸፍናሉ፤ ስርቆትን ግን ቢ እና ሲ አይሸፍኑም። ሦስቱም ብሆን በመዘግየት ብቻ የመጣን ጉዳት አይከፍሉም፤ ወደብ ላይ ቆማ የሞተችው ትንሿ ባትሪ በዚህ ውስጥ የምትወድቅ ናት። ሁለተኛው የሽፋኑ መጨረሻ ቦታ ነው። ውሉ መድረሻው ጅቡቲ ነው የሚል ከሆነ የየብሱ 900 ኪሎ ሜትር ያለ መድን የሚኬድ ይሆናል። ለዋጋው ልዩነት ተብሎ ይህን መተው በጸሐፊው እምነት የማያዋጣ ቁጠባ ነው።

የእሳት ስጋትም ከባህሩ ጉዞ ጋር ይነሳል። እ.ኤ.አ በሐምሌ 2023 ፍሪማንትል ሃይዌይ የተባለችው መርከብ ከ3 ሺህ 700 በላይ መኪኖችን ጭና በኔዘርላንድ ባህር ዳርቻ አቅራቢያ በእሳት ስትያያዝ ኤሌክትሪክ መኪኖችም በውስጧ ነበሩ። ብዙ የመርከብ ድርጅቶች የመኪናው ባትሪ ሳይሞላ በከፊል ብቻ ኃይል ይዞ እንዲጫን ይፈልጋሉ። በመሆኑም መኪናው ወደ እጅ ሲገባ ባትሪው ጎድሎ መገኘቱ ጉድለት አይደለም።

ሞጆ ደረቅ ወደብ ወይም አዲስ አበባ ላይ መኪናውን የሚረከብ ሰው እንግዲህ አስቀድሞ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ያያል። ተጭኖ የመጣ አዲስ መኪና ከመርከብና ከጫኝ ላይ ለመውጣትና ለመውረድ የሄደው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በጅቡቲ ሰነድ ላይ ከተጻፈው በብዙ ከበለጠ መኪናው በመንገድ ላይ ተነድቷል ማለት ነው። ጉዳት ከተገኘም ፊርማ ከማኖር በፊት ጉዳቱን በርክክብ ወረቀቱ ላይ በጽሑፍ ማስፈር፣ በዚያው ዕለት ለአጓጓዡና ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ማሳወቅ ይገባል። የመድን ድርጅቱ የጉዳት ገማች መጥቶ እስኪያይ ድረስም ማስጠገን አይገባም።